ሽንት ቤቴ በአንድ ፍላሽ አልሄድ አለኝ፣ ሌሊት ደግሞ ብቻውን ይሞላል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽንት ቤታችን ካስቸገረን ወር ሊሞላው ነው። እጀታውን ስጫነው ውሃው ልፍስፍስ ብሎ ይወርዳል፣ ትንሽ ይሽከረከርና ያለውን ሳይወስድ ይቆማል። ሁለቴ ሦስቴ ካልደገምኩት አይሄድም። ሌሊት ደግሞ ማንም ሳይነካው ሽሽሽ እያለ ይሞላል፣ ዝም ይላል፣ ቆይቶ እንደገና። ሚስቴ ቱቦው ተደፍኗል ብላ ፈርዳለች። የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ልገዛ ስል፣ እስቲ መጀመሪያ ልጠይቅ ብዬ ነው።

መልስ 1፦
ኬሚካሉን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። መጀመሪያ ችግሩ ከታንኩ ነው ከቱቦው የሚለውን ለይ። ባልዲ ውስጥ 6 ሊትር ያህል ውሃ ቅዳና ሽንት ቤቱ ውስጥ ባንዴ ድፋው። ጥርግ አድርጎ ከሄደ ቱቦህ ጤነኛ ነው። ውሃው ከፍ ብሎ እየተንቀራፈፈ ከወረደ ግን በእርግጥም ተደፍኗል፣ ያኔ ያቺን እጀታ ያላትን የጎማ ቆብ ቀዳዳው ላይ ገጥመህ ደጋግመህ ግፋ ሳብ። ኬሚካል ከጨመርክ በኋላ ግን እንዳትሞክረው፣ ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው።

መልስ 2፦
ብቻውን ይሞላል ካልክ ጎሚኒው ያፈሳል ማለት ነው። ታንኩ ውስጥ ከታች ያለችው፣ እጀታውን ስትጫን ብድግ የምትለው ጎማ ናት። ስታረጅ በደንብ አትገጥምም። ውሃው ሹልክ እያለ ይወርዳል፣ ሲጎድል ፍሎተሩ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው) አብሮ ዝቅ ይልና ውሃ ይከፍታል፣ ሽሽሽታው እሱ ነው። ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አርግበትና 30 ደቂቃ ማንም እንዳይነካው። ከታች ሽንት ቤቱ ውስጥ ቀለም ካየህ ጥርጣሬ የለም።
ክዳኑን ስትከፍት የውሃውን ከፍታም እይ። መሃል ላይ ከቆመችው ክፍት ቱቦ አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው ዝቅ ማለት ያለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ፍላሹ ጉልበት አይኖረውም። ክዳኑን ደግሞ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ እኔ የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አድርጌ ለሁለት ከፍዬዋለሁ።

መልስ 3፦
የሽንት ቤቱን ጠርዝ ቀዳዳዎች ረሳችኋቸው። ከጠርዙ ስር ዙሪያውን ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ በመስታወት እያቸው። ውሃው ጨው የሚበዛበት ከሆነ ነጭ ቅርፊት ይዘጋቸዋል። ጨርቅ በአቼቶ ነክረህ ጠቅጥቅበትና አሳድረው፣ ጠዋት በቀጭን ሽቦ ጎርጉረው። አደራ፣ በረኪና ባለበት እንዳታደርገው! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው።

ጠያቂው፦
ኧረ ጉድ ነው። ባልዲው ጥርግ አድርጎ ሄደ፣ ስለዚህ ቱቦው ነፃ ነው (ሚስቴ እስካሁን አላመነችም)። ክዳኑን ስከፍተው ውሃው ከቱቦዋ አፍ አራት ጣት ዝቅ ብሏል። ለካ ጥፋተኛው እኔው ነኝ፣ ሽሽሽታው ሲያሰለቸኝ ዝም ይላል ብዬ ፍሎተሩን ዝቅ አድርጌው ነበር። ዝምም አላለ፣ ፍላሹም ደከመ። እጀታውን ከጎሚኒው የምታገናኘው ሰንሰለት ደግሞ ረዝማ ጫፏ ጎሚኒው ስር ገብታ አንድ ጎኑን አንስታዋለች። ሁለት ቀለበት አሳጠርኳት፣ ፍሎተሩንም ከፍ አደረግኩት። አሁን ባንዴ ይሄዳል። ቀለሙ ግን አሁንም ፈዘዝ ብሎ ከታች ይታያል።

መልስ 2፦
ሰንሰለቷን በጣም እንዳትወጥራት፣ ትንሽ ላላ ትበል፣ አለዚያ ራሷ ጎሚኒውን ታነሳዋለች። አሁን የውሃውን መዝጊያ ዝጋና ታንኩን አፍስሰህ ጎሚኒው የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣትህ ዙረው። ሻካራ ነገር ከነካህ በጨርቅ ፈግፍገው። ከዚያም ካፈሰሰ ጎሚኒው ይቀየር። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ መጠኑ አንድ አይደለም።

ጠያቂው፦
ጠርዙ ላይ አሸዋ ነገር ነበረበት፣ ጠረግኩት። ቀለሙን ደግሜ ጨምሬያለሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እነግራችኋለሁ።