ፖርትሬት ሳነሳ የአንዱ ፊት ጥርት ይላል የሌላው ይጠፋል፣ ለኤግዚቢሽን ምን ላድርግ?

የጠባሴው
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ካሜራ ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ሰርግና ምርቃት እየሰራሁ ነው የምኖረው። ግን ልቤ ፖርትሬት ላይ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የሰሜን ሸዋን ሰው ፊት እያሰባሰብኩ ነው፣ ቀረብ ብዬ፣ ፊት ብቻ። መንዝ ወጥቼ የበግ ጸጉር የሚፈትሉ እናት አንስቻለሁ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርጄ እሁድ ሰንበቴ ገበያ አንድ አፋር ባለግመልና አንዲት የኦሮሞ ወተት ሻጭ፣ አልዩ አምባ ደግሞ አርጎባ ሸማኔ፣ እዚሁ ከተማ የፋብሪካ ሰራተኞች፣ ከጋምቤላ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እስካሁን 37 ሰው ደርሻለሁ። ከፋሲካ በኋላ አሳትሜ ልሰቅላቸው ነው ሀሳቤ። እዚህ አካባቢ ስንት አይነት ሰው እንዳለና እያንዳንዱ እንዴት እንደሚያምር ሰው ቆሞ እንዲያይ ነው የምፈልገው።

ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ የጋምቤላው ልጅ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቀትር ላይ ነው ያነሳሁት፣ ካሜራው ላይ ሳሳየው በጣቱ እያሰፋ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ጥርሴና ሸሚዜ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። ቤት ገብቼ በኤዲት ብርሃን ስጨምርበት ደግሞ ፊቱ አመድ የነካው መሰለ። የመንዟ እናት ግን የቅንድባቸው ጸጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ሁሉንም እኩል ላከብር ተነስቼ አንዱን እንዲህ ማድረጌ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሁለተኛው ከፎቶው ስር የሚጻፈው ነው። «አርጎባ ሸማኔ»፣ «አፋር ባለግመል» ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ አንዱ ጓደኛዬ ስማቸውን ብቻ ጻፍ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ብሔሩ ካልተጻፈ ልዩነታችን በምን ይታያል ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የድሮ ስቱዲዮ
ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት ሠላሳ ምናምን ዓመት ጉርድ ፎቶ ያነሳሁ ሰው ነኝ፣ አፋርም አማራም ኦሮሞም አርጎባም አንድ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ነው ያነሳሁት፣ ስለዚህ ይሄን ችግር በደንብ አውቀዋለሁ።

ካሜራው ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ደባልቆ ነው ወደ መካከለኛ ግራጫ የሚያመጣው። ነጭ ሸሚዝ ወይ ነጠላ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ የሚከስረው ፊቱ ነው። ስለዚህ መለኪያውን ስፖት ላይ፣ ማለትም ትንሽ ነጥብ ብቻ በሚለካው ላይ፣ አድርገህ ከጉንጩ ላይ ለካ። ብዙ ልጆች ግን እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ አንተ አታቁም፣ ምክንያቱም በጣም ጥቁር ፊት ለክተህ እንዳለ ካነሳኸው ካሜራው እሱንም ግራጫ ሊያደርገው ብሎ ከልክ በላይ ያነጣዋል፣ ያኔ የራሱ መልክ አይሆንም። አንድ ስቶፕ ግድም፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ያህል፣ መልሰህ ዝቅ አድርገው። ጠይም ከሆነ ብዙም አትነካካው። ደግሞ በሮው፣ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ አንሳ፣ በጄፔግ ያነሳኸው ጥላው ውስጥ ቀለም ስላልቀረው ነው ስታበራው አመድ የሚሆነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቀትር ፀሐይ ተው። ጠዋት ወይ ወደ ማታ፣ አለዚያም ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት። ጥቁር ቆዳ ውበቱ የሚወጣው ብርሃኑ ተንሸራቶ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ወዝ ሲሰራ ነው፣ ፍላሽ ፊት ለፊት ካበራህበት ግን ያ ሁሉ ይሞታል። በሌላው ጎን ሪፍሌክተር ከሌለህ ጋቢ ዘርግተህ ሰው ያዝልህ፣ እኔ መብራት በጠፋ ቀን ሁሉ በጋቢ ነው የሰራሁት፣ ከነጭ ጋቢ የሚመለስ ብርሃን ለስላሳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለላብራቶሪዎች ቀለም ማስተካከያ ብሎ የሚልከው ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የእሷ ፊት ካማረ ፊልሙ ልክ ነው ማለት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ቡኒን በደንብ እንዲለይ ከተሻሻለበት ምክንያት አንዱ ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነበር፣ የሰው ፊት ብቻውን አልበቃም ነበር። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ልጁን መልሰህ አንሳው።

የአልዩ አምባ ልጅ
ሰላም ወንድሜ። ስለ ጽሑፉ እኔ ልናገር፣ አርጎባ ነኝ።

አያቴን ገበያ ላይ አንድ ሰው አንስቷት ሄደ፣ አልጠየቃትም፣ ከዓመት በኋላ የአክስቴ ልጅ ፎቶዋን አንድ ካላንደር ላይ አገኘው፣ ከስሩ «የአርጎባ ሴት» ይላል፣ አለቀ። አያቴ ስም አላት፣ ሰባት ልጅ አሳድጋለች፣ ክር በእጇ ዳብሳ የቱ ቶሎ እንደሚበጠስ ትነግርሃለች። ካላንደሩን ስናሳያት ያለችው ምን መሰለህ፣ «ይሄን የቤት ሻሽ አድርጌ?» አለች። ሳጥኗ ውስጥ ለኢድ የምታወጣው ነበራት እኮ፣ ቢነግራት ለብሳው ትመጣ ነበር።

አርጎባ መባሌ ያኮራኛል፣ ይጻፍ። ግን መጀመሪያ ስሟ ይምጣ፣ ከዚያ እሷ ራሷ ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ጠይቃት። ሸማኔውንም ምን ለብሰው መነሳት እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው፣ ሰው የባህል ልብስ አልብሶ ማንሳት ይወዳል፣ እሳቸው ኮት ሊያምራቸው ይችላል። ሌላው ደግሞ ከመስቀልህ በፊት እንደገና ፈቃድ ጠይቅ። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያየውን ታውቃለህ፣ ዛሬ እሺ ያለ ሰው ነገ ፊቱና ብሔሩ ግድግዳ ላይ አብሮ መታየቱ ሊያስፈራው ይችላል። እምቢ ካለ ፎቶው ምንም ቢያምር አውርደው።

ሥዕል አስተማሪ
እህቴ ያለችው ላይ ተስማምቻለሁ፣ ከሥዕል በኩል ትንሽ ልጨምር።

ፊት ማክበር ለእኛ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እያቸው፣ ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ እየታየ ወደ አንተ ዞሮ ነው የሚሳለው፣ ክፉው በጎን ነው አንድ ዓይን ብቻ። ሰዓሊው ሁለት ዓይን ሲሰጥ ክብር ሰጠ ማለት ነው። ተማሪዎቼን ፊት ሲስሉ ከአፍንጫ ጀምረው ሳይ ከዓይን ጀምሩ የምላቸው ለዚህ ነው፣ ዓይኑ ካለ ሰውየው አለ። አንተም ፎከስህን ለሌንሱ የቀረበው ዓይን ላይ አድርግ፣ ሌላው ትንሽ ቢደበዝዝም ግድ የለም።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የእኛው የአንኮበር ልጅ ነው፣ በ1925 ዓ.ም. ነው የተወለደው። ለንደን ተምሮ ሲመለስ ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ዞሮ የሰዉን መልክና አለባበስ አጥንቷል፣ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕሉን ያየ ሰው ያ ሁሉ ዙረት የት እንደገባ ይገባዋል። ያልታየ ሰው አይሳልም።

ማሊ ባማኮ ደግሞ ሴይዱ ኬይታ የሚባል ፎቶግራፈር ነበር፣ ስቱዲዮውን እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የከፈተው። ግቢ ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር የሚያነሳው፣ የአልጋ ልብስ ሳይቀር ከኋላ እየሰቀለ። ሰዎቹ ደንበኞቹ ነበሩ፣ የራሳቸውን ፎቶ ሊወስዱ ከፍለው ነው የሚመጡት፣ ሰዓት አስሮ፣ ሬዲዮ ይዞ፣ መታየት በሚፈልገው መልክ ነው ሁሉም የተነሳው። ያንተ 37 ሰዎች የማንን ፎቶ እንደሚመስሉ አስብበት፣ የካላንደሩን ወይስ የኬይታን።

ዶርም_ጓደኛ
እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ አጭር ነገር ነው። እባክህ የጋምቤላውን ልጅ ቆንጆ ላድርገው ብለህ አታቅላው፣ ምርቃት ላይ ስንቶቻችን ነን የራሳችን ያልሆነ መልክ ይዘን የወጣነው፣ እናቴ የኔን ስታየው «ይሄ የማን ልጅ ነው» ነው ያለችው። አንጀሊካ ዳስ የምትባል ብራዚላዊት እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረችው ስራ አለ፣ ሰዎችን ታነሳና ከአፍንጫቸው ላይ 11 በ11 ፒክስል ወስዳ ባክግራውንዱን በዚያው ቀለም ትሞላዋለች። በሺህ የሚቆጠር ሰው ነው፣ አንዱም እንደ ወረቀት ነጭ ወይ ድፍን ጥቁር አይደለም። አይተኸው ወደ ኤዲት ግባ።

የጠባሴው
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ የተመለስኩት ሰርቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጁን መልሼ አነሳሁት፣ ዶርም መስኮት አጠገብ፣ ጓደኛው ጋቢ ይዞልኝ። ጋሼ እንዳሉኝ ከጉንጩ ለክቼ አንድ ስቶፕ አወረድኩ። ግንባሩ ላይ ያሉት የባህል መስመሮች፣ በመጀመሪያው ፎቶ ጭራሽ ያልነበሩት፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሲያየው ምንም አላለም፣ ስልኩን አውጥቶ ላክልኝ አለኝ፣ እዚያው ቆሞ ለእናቱ ላከላቸው።

ጽሑፉንም እየዞርኩ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ባለግመሉ ስሙንና የአባቱን ስም የአያቱን ጨምሮ አስጻፈኝ። የወተት ሻጯ ስሜ ይቅር ፎቶው ግን ይሰቀል አለች። አንድ የፋብሪካ ሰራተኛ ሙሉ በሙሉ እምቢ አለ፣ አውርጄዋለሁ፣ 36 ሆነዋል። የመንዟ እናት ጋ ደወልኩ፣ «የኔን ስም ጻፍ፣ የባሌንም ጨምርበት፣ ሞቶ ነው እንጂ አብረን ነበር የምንነሳው» አሉኝ። እንዳሉት ነው የምጽፈው።

ጋሼ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ላሳትመው ወይስ ያንሳል?

የድሮ ስቱዲዮ
50 በ70 ይበቃል፣ ሰው ቀርቦ እንዲያይ ነው የምትፈልገው። ማት ወረቀት ላይ አሳትም፣ የሚያብረቀርቀው ላይ የመስኮት ብርሃን ይመታና የልጁ ፊት እንደገና ይጠፋብሃል። ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ትንሽ ኮፒ አውጣ፣ የራሳቸው ነው። የመንዟን እናት ፍሬም እኔ እችላለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ብቅ በልና ውሰድ።