በደብዳቤ ቼዝ አንድ ወታደር በልጬ አቻ ወጣሁ፣ ማሸነፊያው የቱ ጋ ነበር?

ቼዝ የምትችሉ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ ድረ-ገጽ ላይ የደብዳቤ ቼዝ ስንጫወት ነበር፣ ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን እየተሰጠን። ሁለታችንም አማተር ነን። እዚያ የመክፈቻ መጽሐፍ ማየት ይቻላል፣ ኢንጂን (እርምጃ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ግን ክልክል ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው እስኪያልቅ ማንንም አልጠየቅኩም።

መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ግንብ ቀረን፣ እኔ ደግሞ አንድ ወታደር ትርፍ አለኝ። ነጭ ነኝ፦ ንጉሥ ዲ5፣ ግንብ ኤች7፣ ወታደር ኢ4። የሱ ንጉሥ ኢ8፣ ግንቡ ኤ1። ተራው የኔ ነበር፣ ወታደሩን ኢ5 ላይ አደረስኩት። እሱ ግንቡን ኤ6 ላይ ተከለና ንጉሤን አላሳልፍ አለ! ወደ ኢ6 ስገፋ ደግሞ ወዲያው ግንቡን ኤ1 ላይ መልሶ ከኋላ በቼክ (ንጉሤን በማጥቃት) ያሯሩጠኝ ጀመር። ንጉሤ መደበቂያ አጣ፣ ኢ6ን የያዘው የራሴ ወታደር ነዋ። አቻ ተስማማን።

ይህ ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር እ.ኤ.አ. በ1777 ያሳየው መከላከያ መሆኑን አውቃለሁ። ያልገባኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ንጉሤን ቀድሜ ኢ6 ባስገባ ኤ6 ላይ ቼክ ይለኛል። ግንቤን ኤች6 ላይ አድርጌ ስድስተኛውን ረድፍ ብዘጋበትስ? ቴብልቤዝ (ጥቂት ጠጠር የቀረባቸው አቀማመጦች ውጤት የተመዘገበበት የኮምፒውተር ማከማቻ) እይ እንዳትሉኝ፤ እሱ የሚነግረኝ ውጤቱን ነው፣ እኔ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። ጥቁር ለኤች6 ምን ይመልሳል? አቻ ከሆነም፣ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበትን መንገድ ጠቁሙኝ።