ታሽ ፑሽ ይታገድ ወይስ ይቆይ?

የመነሻ ሐሳብ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ የአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ «ታሽ ፑሽ» የተባለውን አጨዋወት ማገድ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። ቺካጎ ቤርስ ኖቬምበር 28 ቀን 2025 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊላዴልፊያ ኢግልስን በኢግልስ ሜዳ 24 ለ15 ሲያሸንፍ፣ የቤርሱ ተከላካይ ናሾን ራይት በዚሁ አጨዋወት መካከል ኳሱን ከኢግልሱ ኳርተርባክ (ጥቃቱን ከሚመራው ተጫዋች) ከጄለን ኸርትስ እጅ መንጭቆ ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ «መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ እገዳ አያስፈልግም» የሚል አስተያየት በየቦታው እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ለፈርስት ዳውን (አሥር ያርድ ሞልቶ አዲስ አራት ሙከራ ለማግኘት) ወይም ለታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚን የጎል መስመር አሳልፎ ነጥብ ለማግኘት) አንድ ያርድ፣ አንድ ሜትር ገደማ፣ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀር፣ የአጥቂው ቡድን የመስመር ተጫዋቾች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው እስከ ሣሩ ድረስ ዝቅ ይላሉ። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ፣ ማለትም ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ከሚያቀብለው የመሐል ተጫዋች፣ ጀርባ ይቆማል፤ ከእርሱም ኋላ ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሴንተሩ ኳሱን ባቀበለ ቅጽበት መስመሩ በሙሉ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ኋላ የቆሙትም ኳርተርባኩን ከመቀመጫው እየገፉ በተፋፈገው ክምር ውስጥ ያሳልፉታል። ባለፉት ዓመታት ኢግልስና ቡፋሎ ቢልስ የቀሩት ቡድኖች ተደምረው ከሞከሩት በላይ ተጠቅመውበታል፤ ከ10 ሙከራ 8 ወይም 9 ጊዜ ያህልም ይሳካላቸው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት እስከ 2005 መመለስ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ኳስ የያዘን ባልደረባ ከኋላ መግፋት በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የተነሣው፣ ኳስ የያዘው ተጫዋች መሐል ሜዳ ላይ በሰው ተከብቦ ሳለ ማን ማንን እንደገፋ ለመለየት ዳኞች ስለተቸገሩ ነው። ቡድኖች ገና ኳሱ ሳይነሣ ገፊዎችን ደርድረው ይጠብቁ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። በ2025 ግሪን ቤይ ፓከርስ ያቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ከሴንተሩ ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚቀበለውን ተጫዋች ወዲያው መግፋትን ብቻ የሚከለክል ነበር። ይህ በኤፕሪል ሳይወሰንበት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሁለተኛው ረቂቅ ግን የትም ቦታ ቢሆን ባልደረባን መግፋት እንዲከለከል፣ ማለትም ወደ ቀድሞው ሕግ እንዲመለስ የሚጠይቅ ነበር። ሜይ 21 ቀን ሚኒሶታ ላይ በተሰጠው ድምፅ 22 ቡድኖች ደገፉት፣ 10 ተቃወሙት። ከ32ቱ የ24ቱ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር በሁለት ድምፅ ወደቀ።

እኔ ሁለተኛውን ረቂቅ እደግፋለሁ። የመጨረሻዋ ያርድ ኳሱን በያዘው ሰው ጉልበትና ከፊቱ በሚከፈትለት መንገድ መገኘት አለባት ብዬ አምናለሁ። ኳሱን የያዘው ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ተገፍቶ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሩጫ የምንለው ነገር መሠረቱ ይናጋል። ሐሳባችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ከፊላዴልፊያ

ወንድሜ፣ ታሪኩን በትክክል ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ። መደምደሚያዎን ግን አልቀበለውም። ይህ አጨዋወት ለኢግልስ የተሰጠ ልዩ መብት አይደለም፤ ሕጉ ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ክፍት ነው። ኒው ዮርክ ጃይንትስ በ2023 ከሲያትል ጋር ሲጫወት ሞክሮት አልተሳካለትም፤ ይባስ ብሎ ሁለት ተጫዋቾቹ ተጎዱበት። ቢልስም በጃንዋሪ 2025 ካንሳስ ሲቲ ላይ፣ ወደ ሱፐር ቦውል የሚያሳልፈውን ጨዋታ ሲያደርግ፣ በአራተኛው ሩብ መጀመሪያ ኳርተርባኩ ጆሽ አለን በፎርዝ ዳውን፣ በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ፣ ላይ ሳያልፍ ቀረበት። ኳሱን ወደ ፊት መውሰድ በመግፋት ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ በተሳካላቸው ነበር።

ኢግልስ የተሳካላቸው ስለሠሩበት ነው። የመስመር ተጫዋቾች አሠልጣኝ የነበረው ጄፍ ስታውትላንድ እያንዳንዱ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ ትከሻውን ከማን ወገብ ሥር እንደሚያስገባ በዝርዝር አስተምሯቸዋል። በ2023 ሪቺ ግሬይ የተባለ ስኮትላንዳዊ የራግቢ አሠልጣኝ አማክሯቸዋል። በግራ ጫፍ የሚቆመው ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣ ሰው ነው። ኸርትስ ደግሞ ገና ተማሪ ሳለ 600 ፓውንድ፣ 272 ኪሎ ገደማ፣ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ይል እንደነበር የታወቀ ነው። ስሙ የገነነው ሴንተር ጄሰን ኬልሲ ከ2023 የውድድር ዘመን በኋላ ጫማውን ሲሰቅል «አበቃላቸው» የተባለ ቢሆንም፣ ካም ጀርገንስ ቦታውን ይዞ ቀጥሏል። ሌሎች ተግተው ያልሠሩትን ሥራ በስብሰባ አዳራሽ ድምፅ ሰጥቶ መሻር ለስፖርት የሚገባ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁን ያቀረበው ፓከርስ ከዚያ በፊት በነበረው የ2024 የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ብራዚል ላይ አንዴም በማጣሪያው ጨዋታ፣ በኢግልስ የተሸነፈ ቡድን ነው። የማጣሪያው ውጤት 22 ለ10 ነበር፤ በአጋጣሚ በኋላ ከተሰጠው ድምፅ ጋር አንድ ነው። ክፉ አስበዋል ብዬ አልከስም፤ ነገር ግን የተሸነፈ ሰው የሚያቀርበው የሕግ ማሻሻያ ጠንከር ያለ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኔ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ ወገንተኛ እንደምባል አውቃለሁ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 በኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች በአንዱ) የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የሆነውን ግን ደጋፊም ተቃዋሚም በአንድ ዓይን ማየት ይችላል። ኢግልስ ጎሉ ደፍ ላይ ደርሰው ተሰልፈዋል። የእኛው ፍራንኪ ሉቩ ኳሱ የሚነሣበትን ቅጽበት ገምቶ በመስመሩ አናት ላይ ዘለለ፤ ቀድሞ ስለዘለለ ተቀጣ። ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ተቀጣ። ቅጣቱ ግን የቀረችውን ርቀት በግማሽ መቀነስ ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ያርድ ባነሰ ቦታ ላይ ትርጉም አልነበረውም። በመጨረሻ ዳኛው ሾን ሆኩሊ ማይክሮፎናቸውን ከፍተው፣ ድርጊቱ ከተደጋገመ ለኢግልስ ነጥብ ሊሰጡ እንደሚችሉ ዋሽንግተን መነገሩን ለስታዲየሙ ሁሉ አሳወቁ። ከዚያ ኸርትስ ተገፍቶ ገባ።

በ55 ለ23 የተሸነፍነው በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲህ ብል ሐቁን ማዛባት ይሆንብኛል። የምጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ተከላካዩ ምን ያድርግ? ካልዘለለ ይገፋል፤ ከዘለለ ይቀጣል። የፊላዴልፊያው ወንድማችን «ሥሩበት» ይላሉ። በሥራ የሚገኝ መልስ እንዲኖር ግን መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች እኩል መነሣት አለባቸው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025 ካንሳስ ሲቲ ላይ ኢግልስ 20 ለ17 ባሸነፈበት ጨዋታ፣ የመስመር ተጫዋቾቹ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ሲንቀሳቀሱ በተደጋጋሚ በዝግታ ታይቷል፤ የዳኛ የቅጣት ባንዲራ ግን አልተወረወረም። የቀድሞው የሊጉ የዳኞች ኃላፊ ዲን ብላንዲኖ በዚያው ስርጭት ላይ በአጨዋወቱ መታከታቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ዳኛው በመስመሩ ጫፍ ቆሞ፣ እንዲያ ዝቅ ብለው በተጣበቁ ከደርዘን በላይ ግዙፍ ሰዎች መካከል የአንዱ ጉልበት ቀድሞ መንቀሳቀሱን በምን ዓይኑ ይየው?

ከፊላዴልፊያ

አጭር መልስ ልስጥ። ቀድሞ መንቀሳቀስ «ፎልስ ስታርት» የሚባል ጥፋት ነው፤ ሕጉ አለ። ከካንሳስ ሲቲው ጨዋታ በኋላም ዳኞች ጠበቅ አድርገው እንዲከታተሉት ሊጉ አሳስቧል። ሕግ ሲጣስ ጥሰቱ ይቀጣል እንጂ አጨዋወቱ አይታገድም። ዳኛ አያየውም የሚባል ሁሉ ይታገድ ካልን፣ በየጨዋታው የመስመር ተጫዋቾች ማሊያ መያዛቸውም አይታይምና ሜዳው ላይ ምን ሊቀር ነው?

ከሚኒያፖሊስ

እኔ በሙያዬ የአካል ማገገሚያ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ጉዳቱ ጥቂት ብናገር ደስ ይለኛል፤ እስካሁን በጥድፊያ የታለፈ ይመስለኛልና። በ2024 የውድድር ዘመን በዚህ አጨዋወት የተመዘገበ ጉዳት እንደሌለ ሊጉ ራሱ ተናግሯል። የእገዳው ደጋፊዎች ይህን ሊሸሹት አይገባም። ነገር ግን የሊጉ ዋና ሐኪም አለን ሲልስ ሥጋታቸውን የገለጹት ከተመዘገበው ቁጥር ተነሥተው ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ ከሚይዙት የሰውነት አቋም ተነሥተው ነው። በዚያን ጊዜ የቢልስ አሠልጣኝ የነበሩት ሾን ማክደርሞትም ቡድናቸው ከአጨዋወቱ ዋነኛ ተጠቃሚዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ለተጫዋቾች ደኅንነት ሲሉ እንዲቀር ደግፈዋል። ከጥቅሙ የሚካፈል ሰው ይቅርብኝ ሲል ቃሉ ክብደት አለው።

ሥጋቱ ይህ ነው። አንገታችን ቀና ባለ ጊዜ የአከርካሪው አጥንት መጠነኛ ጥምዝ አለው፤ ያ ጥምዝ የሚመጣውን ኃይል ለጡንቻና ለጅማት ያከፋፍላል። ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ሲያቀረቅር ጥምዙ ይጠፋል፤ አንገቱ እንደ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይሆናል። በዚያ አቋም ላይ አናቱ ከተመታ ኃይሉ በቀጥታ በአጥንቶቹ ላይ ያርፋል፤ ከባድ የአንገት ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ መንገድ ነው። በታሽ ፑሽ ሴንተሩና ከፊቱ ያለው ተከላካይ ሁለቱም አቀርቅረው ይጋጠማሉ፤ ከኋላቸውም የሦስት አራት ሰው ክብደት ይጨመራል። የሚያሳስበኝ ኳርተርባኩ ሳይሆን፣ ካሜራ የማያያቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ውድድሮች በአናት መግጠም በ1976 ከተከለከለ በኋላ፣ እጅና እግርን ሽባ የሚያደርጉ ጉዳቶች በግልጽ ቀንሰዋል። ያ ክልከላ ግን የመጣው ብዙ ወጣቶች ከተጎዱና ጉዳታቸው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ዛሬ የሚጠየቀው እንደገና እስኪቆጠር እንጠብቅ ወይ ነው። አጨዋወቱ በአንድ የውድድር ዘመን ከሚደረጉት ሁሉ እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ጉዳት አለመመዝገቡ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። እንደ ባለሙያ እጄን ባወጣ ከ22ቱ ጋር ነው የማወጣው።

ከሲያትል

እህታችን ባነሡት ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ልጨምር። ኤንኤፍኤል ባልደረባን መግፋት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ አምኗል። ከ2013 ጀምሮ ተጋጣሚው ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ ነጥብ የማግኘት ሙከራ) ሲመታ፣ ተከላካዮች የፊት ባልደረባቸውን ወደ መስመሩ መግፋት አይችሉም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ቀን ኒው ዮርክ ጄትስ በተጨማሪ ሰዓት የመታው ፊልድ ጎል ሲስት ጨዋታው የሚቀጥል መስሎ ነበር፤ ነገር ግን የተጋጣሚው የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ተጫዋች ክሪስ ጆንስ ባልደረባውን ስለገፋ ተቀጣ፣ ጄትስም ዳግም መትቶ 30 ለ27 አሸነፈ። እንግዲህ ተከላካይ ሲገፋ 15 ያርድ የሚያስቀጣ ድርጊት፣ አጥቂ ሲገፋ እንዴት ጥበብ ተባለ?

ከፊላዴልፊያ

ጥሩ ነጥብ ነው፤ ልዩነቱ ግን አይዘንጋ። በፊልድ ጎል ጊዜ ኳሱን የሚያቀብለው ሰው በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ እያየ ስለሆነ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ሕጉም የወጣው እርሱንና መሰሎቹን ለመጠበቅ ነው። በታሽ ፑሽ ግን ሁሉም ምን እንደሚመጣ እያወቁ ተዘጋጅተው ይገጥማሉ፤ ተከላካዮችም ባልደረባቸውን ከኋላ ቢገፉ የሚከለክላቸው የለም። ደግሞም «ወደ ቀድሞው ሕግ እንመለስ» የምትሉ ሁሉ፣ ባልደረባን መጎተት ዛሬም ክልክል መሆኑን፣ ባንዲራ ሲወረወርበት ግን እምብዛም እንደማይታይ አስቡት። መግፋትን በሜዳው ሁሉ ስትከለክሉ፣ መሐል ሜዳ ላይ ሯጩን የሚያግዘውን የመስመር ተጫዋች ዳኛው ይቀጣዋል ወይስ ያልፈዋል? ካለፈው፣ ሕጉ የወጣው ለአንድ ቡድን ብቻ ነው ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የመጨረሻው ጥያቄ እስካሁን ከተነሡት ሁሉ የከበደ ነውና መልስ ይገባዋል። ሕጉ በሜዳው ሁሉ እኩል መፈጸም አለበት፤ ለአንድ አሰላለፍ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እኔም አልደግፈውም። የኤፕሪሉን ረቂቅ ትቼ የሜዩን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ኳርተርባኩ በገዛ ጉልበቱ ከሴንተሩ ጀርባ ሾልኮ መግባቱን ማንም አልከለከለውም። ኸርትስን የመሰለ ብርቱ ሰው ያለ ገፊም ብዙ ጊዜ እንደሚሳካለት አምናለሁ፤ የኢግልስ የመስመር ተጫዋቾች ችሎታ እውነተኛ ከሆነ፣ እኔም እውነተኛ ነው እላለሁ፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ይታያል።

ይታገዳል ወይ ለሚለው ግን በመጪው የጸደይ ስብሰባ የሚታገድ አይመስለኝም። በሜይ ከኢግልስ ጋር የቆሙት ሬቨንስ፣ ላየንስ፣ ፓትሪዮትስ፣ ጄትስ፣ ብራውንስ፣ ዶልፊንስ፣ ጃጓርስ፣ ሴይንትስና ታይታንስ ነበሩ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ይበቃል። ነገር ግን በ2025 አጨዋወቱ እንደ ቀድሞው አልሠራም። ዳኞች ጠበቅ አድርገውታል፤ ተከላካዮችም ሰውየውን ከማቆም ይልቅ ኳሱን መንጠቅ ጀምረዋል። ያልተሳካን ነገር ለማገድ የሚቸኩል ባለቤት ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ክርክሩ ስለ ውጤታማነት ብቻ ከሆነ፣ ኢግልስ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና 10 ሞክረው 9 ሲሳካላቸው ተመልሰን እዚሁ እንገኛለን፤ የሚኒያፖሊሷ እህታችን ያነሡት የአንገት ጉዳይም እስከዚያ ድረስ ጠያቂ ያጣል።

ከሚኒያፖሊስ

እንግዲያውስ ከእገዳው በፊት ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር ልጠቁም። ሊጉ የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ መሣሪያዎችን ትከሻ መከላከያቸው ላይ ካስገጠመ ዓመታት ሆኖታል፤ በዚህ አጨዋወት በሴንተሩና በፊቱ ባለው ተከላካይ አንገት ላይ የሚያርፈውን ኃይል በልምምድ ሜዳ ለይቶ አስለክቶ፣ ውጤቱን ድምፅ ለሚሰጡት 32 ቡድኖችም ለተጫዋቾች ማኅበሩም ማቅረብ ይችላል። ያን ጊዜ የፊላዴልፊያው ወንድማችን የጠየቁት ማስረጃ ይኖራል፤ ውጤቱ ወደየትኛውም ወገን ቢያደላ እቀበለዋለሁ።