ከሪክሩትመንት ኦፊሰር ወደ ሲኒየር ለመሻገር የሚጎድለኝ ምንድን ነው?

ሰላም_ነኝ
ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ 400 ያህል ሠራተኛ ባለው የግል ድርጅት የሪክሩትመንት ኦፊሰር ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማስታወቂያ አወጣለሁ፣ ሲቪ አጣራለሁ፣ ፈተናና ኢንተርቪው አስተባብራለሁ፣ የቅጥር ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። ሌላ ድርጅት ለሲኒየር ሪክሩተር ሳመለክት የመጀመሪያውን ዙር አልፌ ሁለተኛው ላይ እቀራለሁ። እዚሁ ስጠይቅ ደግሞ መልሱ «ትንሽ ጠብቂ» ነው። ማስተርስ ልጀምር? ሰርተፍኬት ልውሰድ? ወይስ የማላየው ሌላ ነገር አለ? ነገ ቢሮ ገብቼ ልሠራው የምችለውን ብትነግሩኝ ይሻለኛል።

ዶሴ_7
የዘረዘርሻቸው ሥራዎች በሙሉ የሰው መጠየቂያው ፎርም እጅሽ ከገባ በኋላ የሚጀመሩ ናቸው። የሲኒየሩ ሥራ ግን ማስታወቂያው ከመጻፉ በፊት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚፈትኑሽም እሱን ነው።

ፎርሙ ሲደርስሽ ሰው ከጠየቀው ክፍል ኃላፊ ጋር 40 ደቂቃ ያህል ተቀመጪ። ዋናው ጥያቄ «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋለህ?» አይደለም፤ ለዚህ ሁሉም «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫና የሚችል» ብሎ ይመልሳል። «ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ምን ሠርቶ ቢያስረክብህ ቅጥሩ ተሳካ ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥለሽ ከመስፈርቶቹ ውስጥ ገብቶ በሁለት ወር ሊማረው የሚችለውን ለዪ፤ እሱን ከግዴታ ዝርዝር አውጪው። የቀድሞው ሠራተኛ ለምን እንደለቀቀ፣ የደመወዙ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ኢንተርቪው ላይ ማን እንደሚቀመጥና የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ሳታውቂ አትነሺ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር አለ። ስማቸውና ስልካቸው የተሸፈነ ሦስት ሲቪዎች ይዘሽ ግቢ፤ አንዱ በወረቀት ላይ ፍጹም የሆነ፣ አንዱ ልምዱ አጭር ግን ሥራውን በትክክል የነካ፣ አንዱ ከሌላ ዘርፍ የመጣ። «ማንን ትጠራለህ?» በይው። ፎርሙ ላይ «5 ዓመት ልምድ» ብሎ የጻፈ ኃላፊ የ3 ዓመቱን ሲመርጥ ታያለሽ። ይህ ልዩነት ዛሬ ካልወጣ የሚወጣው ሾርትሊስቱን (ለኢንተርቪው የተመረጡትን ዕጩዎች ዝርዝር) አስረክበሽ «እነዚህ አይሆኑም» ስትባዪ ነው፤ ያኔ ሦስት ሳምንት ሄዷል።

የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጽፈሽ በኢሜይል ላኪለትና ማረጋገጫውን ተቀበዪ። አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) የሚችል፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) የሚያውቅ፣ ኤሲሲኤ (የሒሳብ ሙያ ሰርተፍኬት) የጀመረ አካውንታንት በጀማሪ ደመወዝ ከጠየቀሽ «እሺ» ብለሽ አትውጪ። ከመስፈርቱ፣ ከደመወዙና ከጊዜው የትኛውን እንደሚለቅ ምርጫውን አቅርቢለት። ኦፊሰር ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሲኒየር ገበያው የማይሰጠውን ነገር በጊዜ ይናገራል።

ሚዛን
ዶሴ የጻፈው ላይ የምጨምረው ቁጥር ነው። «ገበያው አይሰጥም» ስትዪ ማስረጃ ይጠይቁሻል።

ኤክሴል ክፈቺና ላለፉት 12 ወራት የሞላሻቸውን ቦታዎች አስገቢ። ለእያንዳንዱ ስድስት ቀን ብቻ ያዢ፤ ጥያቄው የጸደቀበት፣ ማስታወቂያው የወጣበት፣ ሾርትሊስቱን ያስረከብሽበት፣ የመጀመሪያው ኢንተርቪው የተካሄደበት፣ ኦፈሩ (ለተመረጠው ሰው የሚቀርበው የቅጥር ግብዣ) የተሰጠበት፣ ሰውየው ሥራ የጀመረበት። በመካከላቸው ያለውን ቀን ስትቀንሺ ጊዜው የት እንደሚበላ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ክፍተት በሾርትሊስቱና በኢንተርቪው መካከል ነው፤ ፓናሉ (ኢንተርቪው የሚያደርጉት ሰዎች) አይሰበሰብም። መድኃኒቱ የፓናሉን ቀን ማስታወቂያው ሳይወጣ በፊት ካላንደር ላይ ማስያዝ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች። ጥበቃ፣ ካሸርና የሽያጭ ሠራተኛ በጅምላ የሚቀጠሩበትን ከኢንጂነርና ከፋይናንስ ኃላፊ ጋር ደባልቀሽ አማካይ አታውጪ፤ ለየብቻ አስዪ። ከአማካይ ይልቅም መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር ውሰጂ፤ አንድ ሰባት ወር የቆየ ቦታ አማካዩን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ዙር ላይ «ሁለት ኔትወርክ ኢንጂነር በ8 ሳምንት አምጪልን፤ ዕቅድሽን አሳዪን» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። ለምሳሌ ከሦስት ኦፈር አንዱ የሚወድቅ ከሆነ ለሁለት ሰው ሦስት ኦፈር ያስፈልጋል። ከአራት ኢንተርቪው አንድ ለኦፈር ከበቃ 12 ኢንተርቪው፤ በስልክ ካነጋገርሻቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ለኢንተርቪው ከበቃ 36 ስልክ። ከዚያ «ማስታወቂያ ብቻውን 36 ብቁ ሰው አያመጣም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀጥታ ፍለጋ እጀምራለሁ» በይ። ምጣኔዎቹን ከራስሽ ኤክሴል ካወጣሻቸው ንግግሩ በሙሉ ይለወጣል። «ማስታወቂያ በኢትዮጆብስና በቴሌግራም እለጥፋለሁ» የሚል መልስ የኦፊሰር መልስ ነው፤ የምትቀሪበት እዚያ ይመስለኛል።

ሾላ_ሰፈር
ከላይ ያሉት ልክ ናቸው፣ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ብቃቱ ኖሮሽም መዋቅሩ ላይ ሲኒየር የሚባል ሣጥን ከሌለ «ትንሽ ጠብቂ» ማለት ዘላለም ማለት ነው። 400 ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድ ወይም ሁለት ሪክሩተር ነው የሚይዘው። መጀመሪያ የጸደቀውን መዋቅርና የደረጃ ሰንጠረዥ እዪ። ቦታው ከሌለ ጥያቄሽ «አሳድጉኝ» ሳይሆን «የሥራ መደቡ እንደገና ይመዘን» መሆን አለበት፤ ዛሬ የምትሠሪውን በሥራ መዘርዝሩ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ በጽሑፍ አቅርቢ። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ሐምሌ ላይ መጠየቅ በጀት ከጸደቀ በኋላ መምጣት ነው፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ግቢ።

ማስተርስ ለሚለው፦ ልትገቢባቸው የምትፈልጊያቸውን የ10 ድርጅቶች የሲኒየር ማስታወቂያ ሰብስቢና ግዴታ ያደረጉትን ቁጠሪ። ባንክና የመንግሥት ልማት ድርጅት የትምህርት ደረጃንና የአገልግሎት ዓመትን በጥብቅ ይቆጥራሉ፤ እዚያ ከሆነ ሐሳብሽ ዲግሪው ዋጋ አለው። የግል ኩባንያ ከሆነ ገንዘቡን አሁን አታውጪው።

አንቀጽ_በአንቀጽ
ሕጉን የምታውቂው አንቺ ካልሆንሽ ሲኒየር አይሉሽም፤ ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከቅጥር ጋር የሚገናኘውን ክፍል በቃልሽ ያዢ።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍ መሆንም አለበት። በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ተከታታይ 45 ቀን ነበር። ዛሬም «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ብሎ ከድሮ ፋይል እየቀዳ የሚጽፍ አለ። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን 10 ሳምንት ነው፣ 5 ቀን ለሚሠራው 12 ሳምንት። ግምገማውን 58ኛው ቀን ላይ አትጀምሪ፤ 20ኛውና 40ኛው ላይ ለቅርብ ኃላፊው ማስታወሻ አስይዢ። ያው ሠራተኛ በዚያው ድርጅት ለዚያው ሥራ ተመልሶ ከተቀጠረ እንደገና ለሙከራ አይቀጠርም።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ይሰጣል። ስለዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው መርጠሽ «በሁለት ሳምንት ይጀምራል» ብለሽ ለኃላፊው ቃል አትግቢ፤ ክሊራንሱም ቀን ይበላል።

የሥራ መሪ ሲሆን ደግሞ ይህ አዋጅ አይሸፍነውም። ለፋይናንስ ዳይሬክተር የካሸሩን ውል ቴምፕሌት ስሙን ቀይሮ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ የመልቀቂያ ቅድሚያ ማስታወቂያ፣ ካሳ፣ የሙከራ ጊዜ ሁሉ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የሕግ ክፍሉን አስገቢበት።

«ሴት፣ ዕድሜ ከ28 በታች» የሚል ማስታወቂያም ይቅር፤ አዋጁ በጾታና በመሰል ምክንያቶች አድልዎን ይከለክላል። የአመልካች ሲቪ በቴሌግራም ግሩፕ ማዘዋወርም እንዲሁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል።

አሁን ደመወዝ። ዕጩው የሚያስበው በተጣራ ነው፣ ድርጅቱ የሚጽፈው ያልተጣራውን ነው፤ ኦፈር የሚወድቀው በብዛት እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው እያንዳንዱ ብር 35% ግብር፣ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ከሆነም 7% የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበታል፤ እጅ የሚገባው 58 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ዕጩው «አሁን ከማገኘው 10,000 ብር የተጣራ ጭማሪ» ካለ፣ ደመወዙ ከዚያ እርከን በላይ ከሆነ፣ ያልተጣራው ጭማሪ 17,241 ብር ይመጣል። ድርጅቱ በላዩ 11% ጡረታ ይከፍላል። ይህን ስሌት ከመጀመሪያው ስልክ በኋላ ሠርተሽ ለኃላፊው ካላሳየሽ፣ በመጨረሻው ቀን ሁለቱም ወገን አንቺን ይወቅሳሉ።

ሰላም_ነኝ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሚዛንን ኤክሴል ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በሊንክድኢን ለሰዎች ስጽፍ መልስ የሚሰጡኝ ጥቂት ናቸው። ሌላው ደግሞ የምታውቁት ነው፤ «ይቺን ልጅ እያት» የሚል ስልክ ከላይ ሲመጣ ሲኒየር ምን ያደርጋል?

ሚዛን
ለመጀመሪያው፦ መልእክቱን ከአምስት መስመር አታሳልፊ። የመጀመሪያው መስመር ለምን እሱን እንደመረጥሽ ይናገር፣ ከፕሮፋይሉ ላይ በተወሰደ አንድ ነገር። ቀጥሎ የሥራው ፍሬ ነገር፣ የሥራ ቦታው ሰፈር፣ የደመወዝ ክልሉ። መጨረሻ ላይ ሲቪ አትጠይቂ፤ «ለ10 ደቂቃ ስልክ ሐሙስ ማታ ይመችሃል?» በይ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲቪውን አላዘጋጀም፣ ስለዚህ ሲቪ ሲጠየቅ ዝም ይላል። መልስ ካልመጣ ከአራት አምስት ቀን በኋላ አንዴ አስታውሺ፣ ከዚያ ተዪው። ሊንክድኢን ላይ የሌሉም ብዙ ናቸው፤ ቴክኒሻንና የፋብሪካ ሱፐርቫይዘር የሚገኘው ሥራ ላይ ያሉትን «ሌላ ማንን ታውቃለህ?» በማለት ነው።

ዶሴ_7
ለሁለተኛው። «አይሆንም» ብለሽ አትጋፈጪ፣ «እሺ» ብለሽም አታስገቢ። «በማስታወቂያው መሠረት ታመልክት፣ መስፈርቱን ካሟላች ፈተና ትቀመጣለች» በይ፤ መልስሽ ለሁሉም አንድ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚጠብቅሽ አሠራሩ ነው። የጽሑፍ ፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ፣ ኮድ ብቻ፤ የኮዱን ዝርዝር የሚይዘው ሰው አራሚ አይሁን። ጥያቄው ከፈተናው ቀን ቀደም ብሎ በብዙ እጅ ከዞረ ይወጣል፤ በፈተናው ቀን ጠዋት አባዢው።

ኢንተርቪው ላይ ለሁሉም ዕጩ ተመሳሳይ ጥያቄዎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቅረቡ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሲሰጥ 1፣ 3 እና 5 ምን ዓይነት መልስ እንደሆኑ ቀድሞ ይጻፍ፤ አለበለዚያ አንዱ ዳኛ ለሁሉም 4 ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ፓናሉ ከመወያየቱ በፊት እያንዳንዱ ነጥቡን ሞልቶ ፈርሞ ይስጥሽ። አለቃው ቀድሞ «ጥሩ ልጅ ናት» ካለ የቀሩት ሁለት ሰዎች ነጥብ የእሱ ጥላ ነው። በሁለት ዳኞች መካከል የ2 ነጥብ ልዩነት ሲኖር ብቻ ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ ጠይቂ፣ ምክንያቱንም ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሪ። ውጤቱ ከተቀየረ የቀየረው ሰው ይፈርምበት።

ሾላ_ሰፈር
ልጅቷ አንደኛ ከወጣችም ትቀጠር፤ ፋይሉ ንጹሕ ነውና ማንም አይወቅስሽም።