ፎን ሃሰል በ1933 ሥራውን መልቀቅ ነበረበት?

አወያይ፦ ዛሬ የምንከራከርበት ሰው ኡልሪክ ፎን ሃሰል ነው። ሕግ ተምሮ በ1909 የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገባ፤ ከ1932 ጀምሮ በሮም አምባሳደር ሆነ። በሂትለር ላይ ካሴሩት አንዱ ነህ ተብሎ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944 በርሊን ላይ ተሰቀለ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጀርመኖች በክብር ያስታውሱታል። ሂትለር ሥልጣን ከያዘበት ከ1933 እስከ 1938 እሱን ያገለገለበትን አምስት ዓመትስ ምን እንበለው?

የፍራንክፈርቱ፦ ሰውየው በአንገቱ ከፍሏል እኮ። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን በአይሁዶች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ፣ የጄኔራሎቹን ማመንታት ሁሉ በማስታወሻው ይጽፍ ነበር። የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች በሻይ ቆርቆሮ ከቶ ኤበንሃውዘን፣ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀበራቸው። ቢያገኙበት ያ ብቻውን ያስገድለው ነበር።

መምህር፦ ወንድሜ፣ ሞቱን አላናንቅም። እኔን የሚቆረቁረኝ ጃንዋሪ 6 ቀን 1936 ነው። ጣሊያን አገራችንን ከወረረች ሦስት ወር ሆኗታል፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጥሎባታል፤ ወገናችን የመርዝ ጋዝ እየወረደበት ነው። ሙሶሎኒ ወዳጅ ስላጣ ለሃሰል ምን አለው? ኦስትሪያ በጀርመን ጥላ ሥር ብትገባ አልቃወምም። ሃሰልም መልእክቱን ለበርሊን አደረሰ። ሥራው ይህ ነበር! እዚያው መሥሪያ ቤት የነበረው ፕሪትቪትስ፣ እሱም ሕግ የተማረ፣ የዋሽንግተን አምባሳደርነቱን በማርች 1933 ለቀቀ። ሃሰል በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በ1938ም በፈቃዱ አልወጣም፤ አሰናበቱት።

የፍራንክፈርቱ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁሉም እንደ ፕሪትቪትስ ቢወጣ ወንበሩ ለማን ይቀር ነበር? ሃሰል ጣሊያን ከጀርመንና ከጃፓን ፀረ ኮሚኒስት ውል ውስጥ እንዳትገባ ተከራክሯል፤ ኋላ የሂትለር ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆነው ከሪበንትሮፕ ጋር የተቃቃረውም በዚህ ነው።

ጠበቃዋ፦ ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አለ። በፌብሩዋሪ 1940 ስዊዘርላንድ፣ አሮሳ ላይ ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር በምስጢር ተገናኝቶ የሰላም ሐሳብ ሰጠው። ኦስትሪያና ከቼኮስሎቫኪያ የተወሰደው ሱዴተንላንድ ከጀርመን ጋር ይቆዩ፤ የፖላንድ ድንበርም በግምት የ1914ቱ ይሁን የሚል ነው። በ1914 እኮ ፖላንድ የምትባል ነፃ አገር አልነበረችም! ሂትለርን ጠልቷል፣ አምናለሁ። ሂትለር የነጠቀውን መሬት ሁሉ ግን ሊመልስ አላሰበም። የፍርዱን ግፍ ግን ማንም አይክድም። የፈረደበት ፍራይስለርም የሕግ ዶክተር ነበር፤ ፈርዶበት በዚያው ቀን አሰቀለው።

የፍራንክፈርቱ፦ የፖላንዱን ነገር አላውቅም ነበር፤ እውነት ለመናገር ከብዶኛል። ቢሆንም ብዙ ሺህ የተማረ ሰው ዝም ባለበት አገር ማስታወሻውን የቀበረውን ሰው ከዝምተኞቹ ጋር አልደምረውም።

መምህር፦ እኔም አልደምረውም። በ1936 ለተሠራው ግን ይጠየቅ ነው የምለው።