ስድስት ኪሎ ስንት መሪ አስመረቀ? ደሴ ላይ የተነሳ ክርክር

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ፒያሳ ቡና ይዘን አንድ ክርክር ተነሳ፣ እስካሁን አልበረደም። አንዱ ጓደኛችን "ይቺን አገር የመራ ሁሉ የስድስት ኪሎ ምሩቅ ነው" አለ። ሌላው "ኧረ ወዲያ! አንድም የተመረቀ የለም፣ ሁሉም አቋርጦ በረሃ የገባ ነው" ብሎ ዘጋው። ከአቦል እስከ በረካ ተጨቃጨቅን፣ በኋላ የተሸነፈ ሂሳብ ይክፈል ተባለ። ዳኛው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የተማርኩት እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ነው፣ ስለ አዲስ አበባው የማውቀው ነገር የለም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። አባቴ ሁሌ "ጃንሆይን የጣላቸው የወሎ ረሃብና የስድስት ኪሎ ተማሪ ነው" ይላል። ለምን ሲባል አይናገርም፣ ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። የምታውቁ ጀባ በሉኝ።

ቦርከና

ሁለቱም ተሸንፈዋል፣ ሂሳቡን ይካፈሉ።

"ሁሉም" ያለው ልጅ መንግሥቱ ኃይለማርያምን ረስቷል። ሰውዬው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። "አንድም" ያለው ደግሞ ባሰ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ታሪክ ተምረው የተመረቁት እዚያው ነው፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል። ኃይለማርያም ደሳለኝ በ1980 በሲቪል ምህንድስና ተመርቀዋል፣ ከዚያ ነው አርባ ምንጭ ሄደው ያስተማሩት። ዐቢይ አህመድም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የያዙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደህንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ነው።

አቋርጠው የወጡት መለስ ዜናዊ ናቸው። ሕክምና ጀምረው በ1967 ጥለው ጫካ ገቡ። ኢሳያስ አፈወርቂም ከእሳቸው ቀደም ብለው ምህንድስና ጀምረው ትተውት ነው የሄዱት። እንግዲህ ሁለት ያልጨረሱ ተማሪዎች ሁለት አገር ገዙ፣ ዲግሪ ምን ያደርጋል ያሰኛል ሃሃ።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ላርምህ። ምህንድስናው አምስት ኪሎ ነው፣ ሳይንሱ አራት ኪሎ ነው። እኛ ወሎዬዎች ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ "ስድስት ኪሎ" ብለን እንጠራዋለን፣ የአምስት ኪሎ ሰው ሲሰማ ያኮርፋል። እኔ አራት ዓመት ስድስት ኪሎ ነበርኩ፣ በአሜሪካ እርዳታ በተሠራው በኬኔዲ ላይብረሪ ወንበር ለመያዝ በጠዋት ተነስቼ የተሰለፍኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ።

ስኂን 64

ልጆች፣ እኔ ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በ1964 ጨርሼ ነው ወደዚያ የሄድኩት፣ ትንሽ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ቦታው። ስድስት ኪሎ ግቢ ትምህርት ቤት ሆኖ አልተሠራም፣ ገነተ ልዑል የሚባል የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ደግሞ የታሰሩት መኳንንት በጥይት የተደበደቡት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ጭምር። የወሎ ሰው ይቺን ልብ ይበል፦ ግርግረኞቹ "አዲሱ ንጉሥ" ብለው ያወጁት የእኛኑ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰንን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪም ለግርግረኞቹ ድጋፍ ሰልፍ ወጣ።

ጃንሆይ ግርግሩ ሲከሽፍ ምን አደረጉ? ደም የፈሰሰበትን ቤት ለተማሪ ሰጡ። በ1943 አራት ኪሎ ላይ በ33 ተማሪ ማስተማር የጀመረው፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ሉሲየን ማት የመሩት ኮሌጅ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቻንስለሩ ራሳቸው ጃንሆይ ነበሩ፣ ዲግሪውን በእጃቸው ነው የሚሰጡት። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የንጉሡን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ናቸው። በኋላ ደርግ ገደላቸው። እንግዲህ ከመሪ ጋር ግንኙነት ማለት ይሄ ነው፣ ቤቱም የእሳቸው፣ ስሙም የእሳቸው፣ ኃላፊውም ዘመድ።

ተማሪው ግን የእሳቸው አልሆነላቸውም። በ1957 "መሬት ላራሹ" ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያልወጣበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አባትህ ነገር ልምጣ። በ1965 ሚያዝያ ገደማ አስተማሪዎቻችን ወሎ ሄደው ፎቶ አንስተው መጡና ግቢው ውስጥ አሳዩት። መንግሥት ረሃብ የለም ይል ነበር። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ነኝ። ሌላው ተማሪ ፎቶውን አይቶ ያለቅሳል፣ እኔ ግን አላለቀስኩም፣ የማውቀው ሰው ይኖር እንደሆን ፊት በፊት እያየሁ ነበር፣ ነጠላው የማን ነው፣ ከጀርባ ያለው ጋራ የት ነው እያልኩ። ሰው አላገኘሁም። ጋራውን ግን አወቅሁት። ያን ቀን እራት አልበላሁም፣ በማግስቱም ካፌ ለመግባት አፈርኩ፣ ምክንያቱም እኛ በቀን ሦስት ጊዜ በመንግሥት ወጪ እንበላ ነበር። አባትህ ራሱን የሚነቀንቀው በዚህ ይመስለኛል፣ የእኛ ዘመን የወሎ ሰው ይሄን ሲያወራ ቃል ያጥረዋል።

ቃሉ

ጋሼ፣ የጻፉት ልብ ይነካል፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ግን "ተማሪው ጣላቸው" የሚለው ይጋነናል ባይ ነኝ። የካቲት 66 ላይ መምህራን በትምህርት ፖሊሲው አድመው ነበር፣ ታክሲ ነጂው ቤንዚን ተወደደ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሩ በምግብና በውሃ ተነሳ። ሥልጣኑን የወሰደውም ወታደር ነው። ተማሪው ጮኸ፣ ፍሬውን ሌላ ለቀመው። ወዲያው ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ "እድገት በህብረት" ተብሎ ገጠር ተላከ።

ደግሞ ስለ ስኂን ከተነሳ ዋለልኝ መኮንንን እንዴት ዘለሉት? የወሎ ልጅ፣ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ። ኅዳር 8 ቀን 1962 በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ የጻፋት ጥቂት ገጽ ናት፣ ዛሬ ድረስ አገር ያጨቃጭቃል። አንዱ ነፃ አውጪ ይለዋል፣ ሌላው አፍራሽ። አብዛኛው የሚሰድበውም የሚያወድሰውም አላነበባትም፣ ወላሂ። ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሉ ከማርታ መብራህቱ ጋር ተገደለ። ፎቶዎቹ ግቢው ውስጥ ሲታዩ እሱ ከሞተ አምስት ወር ገደማ ነው። አላያቸውም።

ስኂን 64

ልክ ብለሃል ልጄ፣ ወታደሩን አልካድኩም። ዋለልኝን የዘለልኩት ስሙ ሲነሳ እዚህ ገጽ ላይ ስድብ ስለሚበዛ ነው፣ አንተ ግን በጨዋ ደንብ ጻፍከው።

አንድ ልጨምር። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ ግቢው አካባቢ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪው አስከሬኑን ይዞ ግቢ ውስጥ ሲያለቅስ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ። የጥላሁን እህት ልዕልት ሣራ ግዛው የጃንሆይ ምራት ነበረች፣ የመኮንን ሚስት። ያ ግቢ እንዲህ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱና ጠላቱ የሚዛመዱበት።

ሐይቅ ዳር

እሺ መሪ መሪ በቃን! ይሄ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሰው አላፈራም እንዴ? ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ ሰላም የምትባለዋን ሕፃን ቅሪተ አካል ያገኘው፣ ጂኦሎጂ የተማረው አራት ኪሎ ነው። በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ገቢሳ እጀታ ዓለማያ ነው የተማሩት፣ ዓለማያም ያኔ የዩኒቨርሲቲው አካል ነበር። ታሪክ ክፍል ደግሞ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወሎን እስልምና እንደሳቸው ያጠና የለም። ለእኔ ከአምስት ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ይበልጡብኛል። ሼኽና ቄስ አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጥበትን አገር ከውስጥ ሆነው ነው ያዩት።

ጠያቂው፣ አዲስ አበባ ስትሄድ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግባ። የጃንሆይ መኝታ ቤት እስካሁን አለ። ታች ተማሪ ለፈተና ይሮጣል፣ ላይ የንጉሥ አልጋ ተነጥፏል። የመጀመሪያ ዓመት እያለሁ እናቴን ወስጄ አሳየኋት፣ አልጋውን አየችና "ይህን ሁሉ ቤት ይዘው በዚች ይተኙ ነበር?" አለች።

ቦርከና

ስለራሳችንም እናውራ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሚሊኒየሙ ዋዜማ የተከፈተ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ መሪ አላወጣም ብለን አንወቅሰውም፣ ገና ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ላብራቶሪው ሳይቀር ተዘርፎ ባዶ ቤት ሆኖ ነበር። ወልድያም እንዲሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ የተማረ ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን እናያለን።

ቃሉ

በፊትም ትልቅ ሰው ያወጣው ስኂን ነበር እኮ። አሁን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ስሙን ያገኘባቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በሚስታቸው እናት ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ጃንሆይን የሚያወርድ ልጅ አሳደገ። ወሎ ቅኔ አያልቅባትም።

ጦሳ ሥር

አንብቤ ጨረስኩ፣ ሁለት ጊዜ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጋራው የጻፉትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም አለና "ጋራው የት ነው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። አልጻፉም አልኩት። "ጠይቀው" አለኝ።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ሁለቱም አንከፍልም ብለዋል፣ ቡና የምታፈላልን ልጅ ዳኛው ይክፈል ብላ ፈርዳለች።

ስኂን 64

ለአባትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። ከኩታበር ወዲያ ነው በለው፣ እሱ ይገባዋል።