የቡና ቅጠል ለማልዲ ኢሜጂንግ ስቆርጥ ይበጣጠሳል፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ። ካፌይን በቡና ቅጠል ውስጥ የት የት እንደሚከማች በማልዲ ማየት እፈልጋለሁ፤ ማልዲ ሞለኪውሎችን በሌዘር አንስቶ በክብደታቸው እየለየ ያሉበትን ቦታ በምስል የሚያሳይ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ኢሜጂንግ ዘዴ ነው። ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ስለሆነ እዚህ ቆርጬ ስላይዱን እልካለሁ። ቅጠሉን ኦሲቲ (ናሙና ቀዝቅዞ እንዲቆረጥ የሚከተትበት ዝልግልግ ነገር) ውስጥ ከትቼ ፍሪዘር አስገባሁት። በ10 ማይክሮሜትር ስቆርጠው ብጥስጥስ አለ። እንደምንም የላክሁት አንድ ስላይድ ደግሞ በ44 በ44 ተራርቀው የተደረደሩ ፒኮች (የሞለኪውል ክብደት ምልክቶች) ብቻ አሳየ። ካፌይን የሚጠበቅበት 195 ላይ ምንም የለም። እባካችሁ እህታችሁን እርዱኝ፤ የቀረኝ ሁለት ወር ነው።

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። ያቺ 44 ሁሉንም ትናገራለች። ኦሲቲ ውስጥ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል አለ፤ ተደጋጋሚው ክፍሉ 44 ይመዝናል። ማሽኑ ያየው እሱን ነው፣ የካፌይኑንም ሲግናል አፍኖታል። ኦሲቲ ለማይክሮስኮፕ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቅጠሉን እንዳይነካው። በ10 ፐርሰንት ጄላቲን ተኪው። በሞቀ ውሃ አሟሚውና ለብ ሲል ቅጠሉን ክተቺበት። ውፍረቱንም ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር አድርጊው። የእፅዋት ሴል ትልቅና ውሃ የሞላበት ነው፣ ሲሳሳ አይችልም።

ሌላ መልስ፦
እኔ ደግሞ ፍሪዘሩን ነው የምጠረጥረው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውሃው ትልልቅ በረዶ ይሠራና ሴሉን ይቀደዋል። ካፌይኑም ከቦታው ይፈስሳል። ያኔ ምስሉ ቢያምርም እውነት አይደለም። ፈሳሽ ናይትሮጂን ያስፈልግሻል። ላብ ውስጥ ከሌለ ከብት የሚያዳቅሉ ባለሙያዎችን ጠይቂ፤ የኮርማ የዘር ፈሳሽ የሚያቆዩት በእሱ ነው። ግን ቀጥታ አትንከሪው፣ ይሰነጠቃል። ከፎይል ትንሽ ጀልባ ሠርተሽ ላዩ ላይ አንሳፍፊው። ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ከዚያ ክሪዮስታቱ (እንደቀዘቀዘ የሚቆረጥበት ማሽን) ውስጥ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንድ ሰዓት ያህል አቆይተሽ ቁረጪ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የተቆረጠው ግን ስላይዱ ላይ ይጠቀለልብኛል።

መልስ፦
ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ባለሁለት ፊት የካርቦን ቴፕ ስላይዱ ላይ ለጥፊና እሱ ላይ አንሺው። ዋናው ጠላትሽ ግን እርጥበት ነው። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ቀዝቃዛ ስላይድ ክፍት አየር ላይ ካወጣሽው ላቡ ካፌይኑን ያጥበዋል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ዕቃ ውስጥ ዘግተሽ አውጪው፣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አትክፈቺው። ማትሪክሱን (ሌዘሩን ተቀብሎ ሞለኪውሎቹን የሚያስነሳውን ኬሚካል) እዚያው ማሽኑ ያለበት ይርጩልሽ። ቅጠል የሌለበት ባዶ ጄላቲንም አንድ ቦታ ተዪ፤ የቱ ፒክ የማን እንደሆነ የምትለዪው በእሱ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከመላክሽ በፊት ፈቃዱን ጨርሺ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በፈቃድ ነው። ቡና ስለሆነ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ቅጠሉን ከመቁረጥሽም በፊት።

ጠያቂዋ፦
ደብዳቤውን አሁን እየጻፍኩ ነው። ነገ ጠዋት ናይትሮጂኑን ልጠይቅ እሄዳለሁ።